ጂምቦቾ፦ አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት መጽሐፍ

ቶኪዮ ውስጥ ጂምቦቾ የሚባል ሰፈር አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ነው። መደርደሪያው ከቤት ተርፎ እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ የቆየ ወረቀት ሽታ ከየምግብ ቤቱ ከሚተነው የካሪ ሽታ ጋር ተደባልቆ ያውዳል። (አንዱ ሳህን ካሪ ከ1,000 የን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ለእኔ ኪስ አይቀመስም።) አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ እስከ አገጫቸው ቆልለው የሚያዞሩት ልጆች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ስዘዋወር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አነሳሁ። ገለጥኩት። ቁጥር። መሃሉንም ገለጥኩ። ቁጥር!

ባለሱቁ ሽማግሌ ርዕሱን በስልካቸው አስተርጉመው አሳዩኝ፦ «የ2017 ትልቁ ፕራይም ነምበር»። 719 ገጽ፣ አንድ ቁጥር ብቻ። በ467333183359 ይጀምርና ያለ ነጥብ፣ ያለ አንቀጽ ወርዶ ወርዶ በ069762179071 ያበቃል። 23,249,425 አሃዝ ነው፤ በአንድ ገጽ ከ32,000 በላይ፣ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ፕራይም ነውና ከ1ና ከራሱ በቀር በምንም ቢያካፍሉት ቀሪ ይተርፈዋል።

ናናይሮሻ የተባለ ትንሽ አሳታሚ በጃንዋሪ 2018 (እ.ኤ.አ.) በ1,800 የን፣ ታክስ ሳይጨመር፣ ሲያወጣው በአራት ቀን 1,500 ቅጂ ተሸጠ። ቀናሁ፣ አልዋሽም። እኛ ዘንድ ስንቱ ልብ ወለድ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀርቷል!

ይህ ሁሉ ገጽ ግን በአንድ መስመር ያልቃል፤ 77,232,917 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 1 መቀነስ ነው። የዚህ ዓይነቶቹ ስማቸውን ያገኙት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ መነኩሴ ከማረን መርሰን ነው። ይህኛውን በዲሴምበር 2017 ያገኘው ደግሞ ጆናታን ፔስ የሚባል የቴነሲ ኤሌክትሪካል መሐንዲስ ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑም ዲያቆን ነው። መነኩሴ የጀመረውን ዲያቆን ቀጠለው ማለት ነው፤ በዚህ ብቻዬን ሳቅኩ። ከ14 ዓመት ፍለጋ በኋላ የደረሰው ሽልማት 3,000 ዶላር ነበር።

ግን ይህን ጉድ ማን አካፍሎ አረጋገጠ? ማንም አላካፈለም። የሉካስና የሌመር መፈተኛ የሚባል ዘዴ አለ፤ ከ4 ትነሳለህ፣ በራሱ ታባዛለህ፣ 2 ትቀንሳለህ፣ ለምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ትይዛለህ፤ በቀሪውም ያንኑ ትደግማለህ። ባቡር ውስጥ በደረሰኝ ጀርባ 31ን ፈተንኩ፤ አምስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። 4፣ 14፣ ከዚያ 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8፣ ከዚያ 62፣ ቀሪው ዜሮ። በሦስት እርምጃ ዜሮ ላይ ከደረሰ አለቀ፣ ፕራይም ነው። የእርምጃው ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ስለሚያንስ ለመጽሐፉ ቁጥር ይኸው እርምጃ 77,232,915 ጊዜ ይደገማል፤ የፔስ ኮምፒዩተር ለስድስት ቀን ሌት ተቀን ሠርቷል። እስክሪብቶዬን ዘጋሁ።

ሽፋኑ ላይ ዓመቱን መጻፋቸው ደግ አደረጉ። በዲሴምበር 2018 ሌላ በለጠው፤ በኦክቶበር 2024 ደግሞ 41,024,320 አሃዝ ያለው ይፋ ሆነ፤ በዚሁ ደቃቅ ፊደል ቢታተም ከ1,200 ገጽ ይበልጣል። እሱም ከወጣ እገዛዋለሁ፤ ምን ሊያደርግልህ የሚለኝ እንደሁ አላጣም።