የአንድ የሥዕላዊ ታሪክ አንባቢ የሐምሌ ወር ምርጫ

የአንድን ከተማ የባህል ደረጃ ለመመዘን የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቈጥረው አዳራሾችን፣ የመጻሕፍት መደብሮችንና የኪነት ቡድኖችን ነው። ከእነዚህ ጐን ለጐን ግን ሌላ መለኪያ አለ፤ ይኸውም በከተማዪቱ የሚኖር አንድ ተራ አንባቢ ከወር ደመወዙ ቀንሶ ምን እንደሚያነብ፣ ያንንም ለምን እንደሚመርጥ መመልከት ነው። መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ መምረጥ መፍረድ ነው፤ አንዱን መያዝ ሌላውን መተው ነውና።

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ቀደም ሲል በጊምቢና በነጆ ባስተማሩባቸው ዓመታት የጀመሩትን ልማድ እስከ ዛሬ አልተዉም። በየወሩ መባቻ አንዲት የእንጨት ሣጥን ይከፍታሉ፤ ያለፈውን ወር መጻሕፍት ያወጣሉ፤ ለአዲሱ ወር የመረጧቸውን ሥዕላዊ ታሪኮች ያስገባሉ። የሣጥኗ ሕግ አጭር ነው። አምስት ቦታ አላት፤ ሁለቱ ለአገር ውስጥ ሥራ፣ አንዱ ለሌላው አፍሪካ፣ አንዱ ለቀረው ዓለም የተመደቡ ናቸው። አምስተኛው ባዶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች በመምህሩ በረንዳ ተሰብስበው ከሣጥኗ ያነባሉ። በሐምሌ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋና የወለጋ ዝናብም ከቤት ስለማያስወጣ፣ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ምርጫው በርትቶ የሚታሰብበት ይኸው ወር ነው።

ይህ ልማድ ተቃዋሚ አላጣም። የመምህሩ የቅርብ ወዳጅ የሆኑ አንድ የሒሳብ መምህር ሣጥኗን ባዩ ቍጥር የሚሰነዝሩት ትችት አላቸው። «አንተ ሰው፣ ሽበትህን እየው እንጂ! ይህ እኮ የሕፃናት መጫወቻ ነው። በዚህ ገንዘብ አንድ ደኅና ልብ ወለድ አትገዛበትም?» ይላሉ። መምህሩም፣ «ሕፃን የሚወደው ነገር ሁሉ ራሱ ሕፃን ነው ያለህ ማን ነው?» ብለው ይመልሱና በግድግዳቸው ላይ ወደ ተሰቀለው ሥዕል ያመለክታሉ።

ሥዕሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በሸራ ወይም በጨርቅ ላይ የሚሣለው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 44 ክፍሎች ሲኖሩት በአራት ረድፍ ተደርድሮ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከየክፍሉ ጋር አጭር ጽሑፍ አለ። በመጀመሪያ ሕዝቡ ለዘንዶው ሲገብር ይታያል፤ ቀጥሎ መርዝ የተጋተች ፍየል ትቀርብለታለች፤ ከዚያም ዘንዶው ተዘርሮ ይገኛል። ከፍየሏ እስከ ሬሳው ያለውን ጊዜ ሠዓሊው አልሣለውም፤ ተመልካቹ በሐሳቡ እንዲሞላው ትቶለታል። እንግዲህ ዛሬ «ኮሚክ» የሚባለው ጥበብ መሠረቱ ይኸው በሁለት ሥዕሎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ከሆነ፣ የአገራችን ሠዓሊዎች ቃሉን ሳይሰሙ ሥራውን ሲሠሩት ኖረዋል ማለት ነው። የሒሳብ መምህሩ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ሐሳባቸውንም አልለወጡም።

በወለጋ ምድር የንባብን ጅምር የሚያስታውስ ሰውም ለመምህሩ አሠራር ሌላ ድጋፍ ያገኛል። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በምንኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ ፊደል ቈጣሪውን ያስጀመረው አስቀድሞ ከቤቱ በሚያውቀው ተረትና ሥነ ቃል ነበር። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገብተው እ.ኤ.አ. በ1931 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በአካባቢው ሠርተዋል፤ አስቴርም በዚያው አስተምረዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል። የሁለቱም ልምድ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ አንባቢ የሚፈጠረው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ሲራመድ ነው። ፊደል ገና ለጠነከረበት ልጅ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሥዕል ነው።

ለዘንድሮው ሐምሌ በመጀመሪያው ቦታ የገባው «ጀምበር» ነው። በበሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2011 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለአንባቢ ያቀረበው ይህ ሥራ፣ አማኑኤል ጥላሁን የተባለ፣ ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ሲያገኝ የሚደርስበትን ይተርካል። መምህሩ ደጋግመው አንብበውታል። የሚማርካቸውም የባለታሪኩ ኃይል ሳይሆን ከኃይሉ በፊት ያለው ኑሮው ነው። ዲፕሎማውን ይዞ ደጅ የሚጠና ወጣት በነቀምት ጐዳናም፣ በደምቢ ዶሎም፣ በሻምቡም ይገኛል፤ ስለዚህ አንባቢው ገና ተአምሩ ሳይመጣ ሰውየውን ያውቀዋል። ተአምር የሚታመነው ከእውነተኛ ችግር ሲነሣ ነው የሚለው የመምህሩ ፍርድ ለማንኛውም ደራሲ የሚጠቅም ነው።

ሁለተኛውን ቦታ የያዘችው የዚያው አሳታሚ ሥራ የሆነችው «ሃዊ» ናት። በአሜሪካ ያደገች ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች፤ እናቷ ስትታፈንባትም በውስጧ ያለውን ኃይል ታገኛለች። ሃዊ የኦሮምኛ ስም ነው፤ ምኞትን ያመለክታል። በመምህሩ እጅ የገባው ቅጂ ግን የእንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት መጽሐፉን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በዓይናቸው ያነቡና በኦሮምኛ ይተርካሉ። ልጆቹ በሥዕሉና በድምፁ መካከል ሆነው ይከራከራሉ፤ አንዱ የባለታሪኳን ፊት ቍጣ ነው ሲል ሌላው ፍርሃት ነው ይላል። ባለፈው ጊዜ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ባርሲሳ፣ ስሟ የእኛ ነው፤ ታዲያ ለምን በእኛ ቋንቋ አትናገርም?» ስትል ጠየቀች። ይህች ልጅ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ተማሩት የአካባቢዋ ልጆች ሁሉ ኦሮምኛን በቁቤ ጽፋና አንብባ ያደገች ናት። መምህሩ መጽሐፉን ዘግተው ጥቂት ዝም አሉ። ያ ጥያቄ አምስተኛው ቦታ ለምን ባዶ እንደሚቀመጥ ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ ያስረዳል።

ሦስተኛው ምርጫ ከኮት ዲቩዋር የተገኘው «አያ» ነው። ማርግሪት አቡዌ የጻፈችው፣ ክሌማን ኡብሬሪ የሣለው ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአቢጃን ከተማ በዮፑጎን ሰፈር የሚኖሩ ወጣት ሴቶችን ኑሮ ያሳያል። በውስጡ ተአምር የሚሠራ ጀግና የለም። ትምህርቷን መግፋት የምትሻ ልጃገረድ፣ ዳንስ የሚያምራቸው ጓደኞቿ፣ የሚጣሉና የሚታረቁ ቤተሰቦች አሉ። መምህሩ ይህን ለላይኛው ክፍል ተማሪዎች የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አፍሪካ በሥዕል ስትቀርብ ጦርነትና ረሃብ ብቻ እንዳልሆነች ወጣቱ በዓይኑ እንዲያይ ነው።

በአራተኛው ቦታ የቤልጂጉ ሠዓሊ ፍራንስ ማሴሬል እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው «ከተማዪቱ» የተሰኘ ሥራ ተቀምጧል። በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ 100 ሥዕሎችን ይዟል፤ አንዲት ቃል የለችበትም። ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ቀብሩ፣ የሀብታሙ ግብዣና የድኻው ጓዳ በጥቁርና በነጭ ብቻ ይናገራሉ። ለአዋቂ የሚገቡ ሥዕሎች ስላሉበት ይህ መጽሐፍ በረንዳ አይወጣም፤ መምህሩ ማታ ማታ በጓዳቸው የሚያነቡት ነው። ለእርሳቸው የሚሰጠው ትምህርት ቋንቋ ሳያግደው ሐሳብ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ነው።

የተተወውም ሊነገር ይገባል። አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ የላኩላቸው «ቲንቲን በኮንጎ» ለዚህ ወር ታስቦ ነበር። ይህ ኤርዤ የተባለው የቤልጂግ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1931 በተከታታይ ያወጣው ታሪክ በመስመሩ ጥራት የሚደነቅ ቢሆንም፣ ኮንጎአውያንን አላዋቂና መሳቂያ አድርጎ የሚያቀርብ የቅኝ ግዛት ዘመን ሥራ ነው። የሒሳብ መምህሩ በዚህ ጊዜ ከወዳጃቸው በተቃራኒ ቆመው፣ «አሳያቸውና ራሳቸው ይፍረዱ» ብለው ተከራከሩ። መምህሩ ግን ልጁ ለመፍረድ አስቀድሞ የራሱን መልክ በክብር ተሥሎ ሊያይ ይገባዋል፤ መሳለቂያውን ከዚያ በኋላ ቢያይ ያውቅበታል ሲሉ መጽሐፉን ለሌላ ጊዜ አቈዩት። ክርክሩ አልተቋጨም። ነገር ግን ሥዕላዊ ታሪክን መጫወቻ ይሉ የነበሩት ሰው አንድ ሙሉ ምሽት ስለ እርሱ መከራከራቸው በራሱ ትልቅ ለውጥ ነው።

አንዳንድ ሥራዎች በስልክ ሊነበቡ እየቻሉ መምህሩ ስለ ምን በወረቀት እንደሚጸኑ የሚጠይቁ አሉ። መልሱ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ የታየ ነው። በዚያ ዓመት ለወራት፣ እስከ መጋቢት ድረስ፣ በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ በየኪሱ ተቈልፎ ቀረ። የእንጨቷ ሣጥን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፈት ነበር። ደጅ ማምሸት በማይደፈርበት፣ ከዘመድ ወሬ በጠፋበት በዚያ ወቅት ልጆቹ እነዚያኑ ጥቂት መጻሕፍት ጠርዛቸው እስኪያልቅ ድረስ አገላበጧቸው።

አሁን የቀረው አምስተኛው ቦታ ነው። ለዚያ ቦታ የሚያስፈልገው በኦሮምኛ የተጻፈ፣ በወለጋ ሰው አለባበስ፣ በወለጋ ኮረብታና ቡና ተክል መካከል የተሣለ አንድ ሥዕላዊ ታሪክ ነው። ተረቱ በየቤቱ አለ፤ ተራኪው አለ፤ መሣል የሚችል እጅም አለ። ያቺው የጠየቀችው ተማሪ በሰኔ መጨረሻ የጅብና የቀበሮን ተረት በደብተሯ ላይ በ12 ክፍል ሥላ አምጥታ ነበር። መምህሩ ለማበረታታት ብለው ወደ ሣጥኗ አላስገቡትም። ጅቡ በሦስተኛው ሥዕል ከበሬ ተልቆ በአራተኛው ከውሻ ማነሱን አሳይተዋት፣ ቀበሮዋ ስታታልል ዓይኗ ወዴት እንደሚያይ እንድታስብበት ነግረው፣ እስከ ነሐሴ መባቻ ቀጠሮ ሰጧት። ልጅቷ ቅር ብሏት ብትሄድም ሌላ ደብተር ገዝታለች።

በየከተማው ያሉ የባህል ሠራተኞች፣ መምህራንና ሠዓሊዎች ከዚህ ሊወስዱት የሚገባ ቁም ነገር አለ። አምስተኛውን ቦታ በደግነት ብቻ መሙላት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ የሚቀመጠው ሥራ ከ«ጀምበር»ና ከ«አያ» ጐን ተሰልፎ የማያፍር ሊሆን ይገባል። ለዚህም ሠዓሊው ጊዜውን፣ መምህሩ ፍርዱን፣ ማተሚያ ቤቱም ወረቀቱን ሊያዋጡ ይገባል።