ቆጥሮ ያላያት ፍየል

ባለፈው በጋ፣ እዚሁ ነገሌ ቦረና፣ አመሻሽ ላይ የ11 ዓመት ልጄን «ፍየሎቹ ሲገቡ ቁጠር» አልኩት። «23 ናቸው አባዬ፤ አልጎደለም» አለኝ። በማግስቱ አንዷን እግሯ ቆስሎ ተኝታ አገኘኋት። ሳትውል ሞተች። «እያነከሰች በፊትህ ስታልፍ ዓይንህ የት ነበር?» ብዬ ጮህኩበት። «አላየኋትም» ቢለኝ «ዋሾ!» አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ከልጆቼ ጋር በዲሽ የናሽናል ጂኦግራፊክን «ብሬይን ጌምስ» እያየን ነበር። አእምሯችን እንዴት እንደሚያታልለን በጨዋታ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ እስቲ ይሄንንም ሞክረው» ብላ በስልኳ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። ነጭ የለበሱት ልጆች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ መቁጠር ነው። አንድም ሳልስት ቆጠርኩ።

«ጎሪላውንስ አየኸው?»

የምን ጎሪላ! ደግማ ስትከፍተው፣ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በመሃላቸው ገብቶ ደረቱን ደቅቶ ሄደ። ሳይመንስና ቻብሪስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት በዚህ ሙከራ፣ ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። አእምሮ በአንድ ሥራ ሲጠመድ፣ ዓይን ፊት ለፊቱ ያለውን ይስታል።

ትንሹ ልጄ ዝም ብሎ ያየኛል። ቁጠር አልኩት፤ ቆጠረ። እግራቸውን እይ አላልኩትም። «ይቅርታ ልጄ፤ አልዋሸህም» አልኩት።

አሁን አመሻሽ ላይ በረቱ በር ላይ ሁለት ሆነን እንቆማለን። እሱ ይቆጥራል፤ እኔ እግር እግራቸውን አያለሁ።