የሸይኻችን ድምፅና ሁለቱ ማይኮች



ቭሎግ የጀመሩ፣ ደርስ እየቀረፁ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ የሚለቁ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዋየርለስ ማይክ እንግዛ ወይስ ሾትገን?» በአንድ መስመር መልሰን ማለፍ እንችል ነበር። ግን እኛ እዚህ ፑኝዶ መልሱን ያገኘነው ስድስት ደርስ ካበላሸን በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኩን እንዳለ ብንነግራችሁ ይሻላል አልን።

ነገሩ የተጀመረው በሸይኻችን ድምፅ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ድሮ በር ላይ ጫማውን የሚያወልቀውን ሰው ሳይቀር ቀጥ አድርጎ ያቆም የነበረው ድምፃቸው፣ አሁን ሁለተኛው ሰፍ ላይ ለተቀመጠ እንኳ በግድ ነው የሚሰማው። ወሎ ያሉት ልጆቻቸው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ሊወስዷቸው ቀን ቆርጠዋል። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ የሚያስቀሩን የፊቅህ ኪታብ ግን አላለቀም። እንቅረፀው አልን። ሦስት ነን፤ ያለን አንድ ስልክ፣ አንድ ትራይፖድና ከጀመዓው የተዋጣ ገንዘብ ነው። የጀመዓ ገንዘብ መሆኑ እንቅልፍ ይነሳል። የራስህ ገንዘብ ቢሆን ተሳስተህ ትስቃለህ፤ የሰው አማና ሲሆን ግን ከሱቁ በር ላይ ሁለት ጊዜ ትመለሳለህ።

መጀመሪያ የገዛነው ሾትገን ነበር። ምክንያታችን ዛሬ ሲታሰብ ያስቃል፦ ረጅም ስለሆነ ድምፅን ከሩቅ ይስባል ብለን ነው። ጋምቤላ ከተማ ለጉዳይ የሄደ ወንድም በአቦቦ መንገድ ይዞልን መጣ። የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኩን በሩ አጠገብ አቆምነው፤ ሸይኻችን ካሜራ ፊታቸው ሲደነቀር ስለማይወዱ ማለት ነው። ማይኩን ሰክተን ቀረፅን። ቤት ሄደን ስንሰማው የሚሰማው የኛው ሳል ነው።

ሁለት ደርስ እንዲህ ካለፈ በኋላ ጥፋቱ ጃኩ ላይ መሆኑ ገባን። የማይኩን ጃክ ልብ ብላችሁ እዩት። ጥቁር ቀለበቶቹ ሁለት ከሆኑ ለካሜራ የተሠራ ነው፤ ሦስት ከሆኑ ለስልክ። የካሜራውን ስልክ ላይ ብትሰኩት ስልኩ ማይክ መኖሩን አያውቅም፤ በራሱ ማይክ መቅዳቱን ይቀጥላል፣ እናንተም አታውቁም። ከማይኩ ጋር ሁለቱም ገመድ ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ሳናነብ የተሳሳተውን ሰክተን ኖሯል። አሁን ከመጀመራችን በፊት ማይኩን በጥፍራችን ጫር እናደርገዋለን። ጭረቱ በኤርፎን ካልተሰማ ማይኩ አልተገናኘም ማለት ነው።

ገመዱን ቀይረን በሦስተኛው ቀን ቀረፅን። ድምፁ ተሻሻለ፤ ግን ሸይኻችን በርሜል ውስጥ ሆነው የሚናገሩ ይመስላል፣ ከሥራቸው ደግሞ የጄኔሬተሩ ጉምጉምታ አለ። የዚህን ምክንያት ሳናውቅ ሌላ ደርስ ጨመርንበት።

ሾትገን ማለት ጎኑ ላይ በመደዳ የተሰነጣጠቀ ቱቦ ነው። ከፊት የሚመጣ ድምፅ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከጎን የሚመጣው ግን በየስንጥቁ በተለያየ ቅጽበት ስለሚገባ ውስጥ ሲገናኝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ልብ በሉ፤ የጎኑን ይቀንሳል እንጂ የፊቱን አያቀርብም። እንደ ካሜራ ዙም የሚያደርግ ቱቦ የለም። ደግሞም ይህ ዘዴ የሚሠራው ለቀጫጭን ድምፅ ነው። በሴኮንድ መቶ ጊዜ የሚርገበገብ የሞተር ጉምጉምታ አንዱ ሞገዱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ስንዝር የማትሞላ ቱቦ ምን ታደርገዋለች? በዚያ ላይ የመስጂዳችን ግድግዳ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድምፁ እየነጠረ ከሁሉም አቅጣጫ ይመለሳል፤ ከፊትም ጭምር። ለቱቦው የነጠረውም የሸይኹም ድምፅ አንድ ነው።

ዋናው ጉዳይ ርቀቱ ነበር። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከአፍ ወጥቶ ማይኩ ላይ የሚደርሰው የድምፅ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የጄኔሬተሩና የጣሪያው ጩኸት ግን ባለበት ነው። እኛ ደግሞ ማይኩን በሩ አጠገብ አቁመን ነበር።

ስለዚህ ዋየርለስ ተበደርን። የተበደርነው ርካሹን ነው፤ ደረት ላይ የሚቆነጠጥ፣ መቀበያው ስልኩ ላይ በታይፕ ሲ የሚሰካ። ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ላይ አደረግንላቸው። ኤርፎኑን የያዘው ወንድማችን ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሸይኻችንን ድምፅ እንደዚያ ቀርቦት የሰማው ልጅ ሆኖ ጉልበታቸው ሥር ሲቀራ ነበር አለን።

ታዲያ ችግር አልጠፋም። የመጀመሪያው ጢማቸው ነው፤ ማይኩን እየነካ ይንኮሻኮሻል። ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ስናዞረው ተወ። ሁለተኛው የባሰ ነው። እነዚህ ማይኮች ላይ ጩኸት የሚቀንስ ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ጄኔሬተሩ ጭጭ ይላል፣ ደስ ይላል። ቤት ሄደን ስንሰማው ግን የሸይኻችን «ሐ» ከ«ሀ» ጋር ተደባልቆ፣ አንዳንድ ቦታም ጭራሽ ተውጦ አገኘነው። ማሽኑ ትንፋሽ የበዛበትን ፊደል ጩኸት መስሎት ይበላዋል። ለገበያ ቪዲዮ ግድ የለም። ዓረብኛ ለሚቀራበት ደርስ ግን የፊደል መውጫ ማበላሸት ነው። ስድስተኛው ደርስ የሄደው በዚህ ነው። አሁን ቁልፉን አንነካውም፤ ጄኔሬተሩን ከመስጂዱ ጀርባ በረጅም ገመድ አራቅነው። ይህ ከየትኛውም ማይክ በላይ ጠቅሞናል።

ሌላው፣ ዋየርለሱ የሚጠቀመው እንደ ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፤ ይህን ሞገድ የሰው ገላ ይውጠዋል። ካርቶኑ ላይ ሃምሳም መቶም ሜትር ቢጻፍ ያ መሐል ላይ ሰው ሳይኖር ነው። ጀመዓው ለሶላት ሲነሳ ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር ስልኩን ከፍ አድርገን ሰቀልነው።

ሁለት ማስተላለፊያ ያለው ዕቃ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት። ደርሱን ወደ አኙዋክኛ የሚያስተረጉምልን ወንድም አለ። በሾትገኑ ጊዜ ከሸይኹ ጎን ስለሚቀመጥ ግማሽ ድምፁ ይጠፋ ነበር፤ አሁን አንዱን እሱ ደረት ላይ እናደርጋለን። (ለጁሙዓ ኹጥባ ሁለቱም አያስፈልጓችሁም። ኸጢቡ ፊት የቆመ ማይክ አለ፤ ከአምፕሊፋየሩ መውጫ በገመድ ወደ መቅጃ ውሰዱት፣ ሰዉንም አታስቸግሩ።)

አሁን ለመጻፍ የከበደንን እንጻፍ።

አንድ ማታ ደርሱ አልቆ ሰዉ ሲበተን አንድ ወንድም ወደ ሸይኻችን ጠጋ አለ። የቤቱን ጉዳይ ሊጠይቃቸው ነው። በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፤ ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይሰማውም። ማይኩ ግን ሸይኻችን ደረት ላይ ነበር። ኤርፎኑን ያደረገው ወንድማችን ምን እየሰማ እንደሆነ እስኪገባው ሁለት ዓረፍተ ነገር አለፈ። ከዚያ ኤርፎኑን ከጆሮው ነጥቆ ጣለው፤ ስልኩን ማጥፋት ግን አላስታወሰም። ፋይሉ ሳይቆረጥ ሌሊት ቴሌግራም ላይ ሊጫን ትንሽ ነበር የቀረው።

ያንን ክፍል አጥፍተን በነጋታው ለሸይኻችን ነገርናቸው። ይቆጡናል ብለን ነበር። «ልጆቼ፣ ለኔ ምን ታደርጉልኛላችሁ? ሂዱና ለባለቤቱ ንገሩት» አሉን። ሄድን። ሰውየው ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነ ነበር። ሰምቶን ሲጨርስ ብዙ ቆየና «እስከ የቱ ድረስ ነው የሰማችሁት?» አለን። ነገርነው። ዐፍው ብሎናል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደርስ ላይ ከመጨረሻው ሰፍ አልፎ ሲቀመጥ አላየነውም።

ሾትገን እንዲህ ያለውን ሹክሹክታ አይሰማም ነበር። ድክመቱ ያልነው ርቀት ለዚያ ሰው መጋረጃ ይሆነው ነበር። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። እንዲያውም አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሮድ ዋየርለስ ጎ 2፣ ደረት ላይ ያለው ማስተላለፊያ ራሱ ውስጡ መቅዳት ይችላል፤ ስልኩን አጠፋን ብላችሁ ጆሮው ነቅቶ ሊያድር ይችላል።

ያም ሆኖ መልሳችን ዋየርለስ ነው። የተቀመጠ ሰው፣ የደከመ ድምፅ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጄኔሬተር ካለባችሁ ሌላ አትፈልጉ። የተበደርነውን መልሰን ከቀረው ገንዘብ የራሳችንን ገዛን። ሾትገኑን የያዙት አሁን ልጆቹ ናቸው። ጊሎ ወንዝ ዳር ወጥተው ሲቀርፁ፣ ስልኩ ከፊታቸው አንድ ክንድ ርቆ ሲያዝ፣ ነጣሪ ግድግዳም ስለሌለ እኛን ያሳፈረን ማይክ ለነሱ ጥሩ ይሠራል። ለነፋሱ ጠጉራም ልብስ አልብሰውታል፤ «ድመቷ» ይሉታል።

ሸይኻችን ከተበላሹት ስድስት ደርሶች ሁለቱን ደግመውልናል። አራቱን ግን ድምፃቸው አልፈቀደም፤ እኛም አልጎተጎትናቸውም። አሁን ደርሱ ሲያልቅ ማንም ሳይጠጋቸው በፊት ማይኩን ራሳቸው ከደረታቸው ይነቅሉና መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ወደኛ ዞረው «ይሄ ተኝቷል?» ይላሉ። መብራቱ መጥፋቱን አንስተን እናሳያቸዋለን።

ኪታቡ ሊያልቅ አሥራ አንድ ገጽ ቀርቶታል። ዛሬ ከዐስር ጀምሮ ማይኩ ቻርጅ ላይ ነው።