በረመዷን የተቋረጠው ክኒን



ይህን የምጽፈው አክስቴን አስፈቅጄ ነው። "ስሜን ብቻ አታንሳ፣ ሌላውን ንገራቸው" ብላኛለች።

የ2010 ዓ.ም ረመዷንን ያሳለፍኩት ባንኮ ጎቲቲ፣ አክስቴ ቤት ነው። ያንን ዓመት ጌዴኦም ጉጂም አይረሳውም። በግጭቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ብዙዎቹም ጌዴብ ወረዳ ተጠለሉ። የአክስቴ ሁለት ክፍል ቤትም ከቀርጫ በኩል ሸሽተው በመጡ ሰዎች ሞላ። እሷም ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል ያላትን ታካፍል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጓዳ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ውኃ ስትጠጣ አየኋት። ወላሂ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። "አክስቴ! በረመዷን?" ብዬ ጮህኩ። ሳሎን ያሉት ሁሉ ሰሙኝ። ኩባያውን አስቀመጠችና "ረስቼ ነው ልጄ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ለዲኔ የተቆረቆርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

እውነቱን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ከስታ፣ ሳል ይዟት ዲላ ለሕክምና ስትመጣ አብሬያት ሄድኩ። ከምርመራ ክፍሉ ወጥታ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ትወስድ ነበር። የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ብላ ይርጋጨፌን አልፋ ዲላ ድረስ እየመጣች ነው የምትወስደው። ቤት ውስጥም ብልቃጡ ሲንኳኳ እንዳይሰማ ክኒኖቹን በጨርቅ ቋጥራ ሩዝ ውስጥ ትደብቃቸዋለች።

ያን ረመዷን ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ውጣ፣ ሰው እንዳያውቅባት ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ትውል ነበር። እኔ ከጮህኩባት ቀን ጀምሮ ግን የጠዋቱን ተወችው። "ዓይንህ እኔ ላይ የሆነ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። የጠዋቱን የተወ ሰው የማታውንም መዝለሉ አይቀርም። በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ።

ባለሙያዋ አልተቆጣቻትም። "ምን ከለከለሽ?" ብላ ብቻ ጠየቀቻት። አክስቴ ስትነግራት መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። በረመዷን አንዱን ክኒን በሱሑር፣ ሌላውን በኢፍጧር መውሰድ ትችል ነበር። ችግሩ መጠየቁ ነው። ከጠየቀች "ምን አሞሽ?" መባል ይመጣል።

ወንድምና እህቶቼ፣ ይህ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ቫይረሱን ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም፤ እንዳይራባ ግን ያስረዋል። ሰው መድኃኒቱን እየዘለለ ሲወስድ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ያን ጊዜ ያው ክኒን አይሠራለትም። በአግባቡ የወሰደ ሰው ግን ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊቀንስለት ይችላል። መጠኑ እንዲህ ቀንሶ እስከቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር አጋሩ አያስተላልፍም። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሠራል።

ዲናችንም አላስጨነቀንም። የታመመ ሰው ማፍጠር ተፈቅዶለታል፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል። ጭራሽ መጾም የማይችል ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል። አሁን ብዙ ሰው የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ወደ ማታ ማዛወር ስለሚቻል ጤናው የተስተካከለ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ሊጾም ይችላል። "በአላህ ተወክያለሁ" ብሎ መድኃኒት ማቆም ግን ተወኩል አይደለም። ሰበቡን ማድረስ የተወኩል አካል ነው። ዱዓውም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ።

አክስቴ ለወራት የምክር ክትትል አድርጋ ዳግመኛ ስትመረመር የቫይረሱ መጠን ወርዶ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ። ዛሬ በቀን አንድ ክኒን፣ ከኢሻእ ሶላት በኋላ ትወስዳለች። ቤት ስሆን ውኃውን የማቀርብላት እኔ ነኝ። ክኒኗንም ሩዝ ውስጥ መደበቅ ትታለች።

በረመዷን ቀን ሰው ውኃ ሲጠጣ ካየህ፣ ወንድሜ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ምናልባት የሚውጠው ክኒን ይኖር ይሆናል። እህቴ፣ ጓደኛሽ ምስጢሯን ከነገረችሽ ላንቺ የተሰጠ አማና ነው፤ ጠብቂላት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን። አሚን።