የ11ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ የዘነበወርቅ ወላጆች

ሰፈራችን ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ያስታውቃል። ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ልጁ አይላላክም፣ አስጠኚ ይፈለጋል፣ ስለቱም ይበዛል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ግን ምንም ምልክት የለውም። «ገና አንድ ዓመት አለው» ይባልና ይታለፋል። ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተምራለሁ። ከዓመት ዓመት የማየው ወላጅ በእርግጥ ሊያግዝ የሚችልበት ጊዜ ይኸው የተረሳው ዓመት መሆኑን ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የሚጀመር እገዛ ልጁ ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ጭንቀት ሆኖ ነው።

ለምን እንደምል ላስረዳ። በቅርብ ዓመታት አገር አቀፉ ፈተና በስድስት ትምህርቶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹን፣ 300 ማምጣት ያስፈልጋል። ከስድስቱ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና አፕቲትዩድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም የሚፈተናቸው ናቸው። የጠቅላላ ውጤቱ ግማሽ እነዚህ ሦስቱ ላይ አለ ማለት ነው። ሦስቱም ደግሞ በሽምደዳ አይያዙም። ቀስ እያሉ፣ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚገነቡ ናቸው። ለዚያ የሚበቃ ጊዜ ያለው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

አንድ ተማሪዬ የልምምድ ፈተና ላይ አራት መስመር የሚሆን የሂሳብ ጥያቄ ሳይነካው አለፈ። ከክፍል በኋላ ጥያቄውን በአማርኛ ነገርኩት። እርሳሱን አነሣና እዚያው ቆሞ ሠራው። ሂሳቡን ያውቀዋል፤ የከበደው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳቱ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ልጄ ፊዚክስ ይከብደዋል» ብላችሁ የፊዚክስ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንግሊዝኛ እንዲያነብ ቤት ውስጥ ጊዜ ስጡት። የመማሪያ መጽሐፉም ይበቃል። ወጪ የለውም።

«እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ምን አግዘዋለሁ?» የምትሉ አላችሁ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤቴ መልሱን አሳይታኛለች። ማታ ማታ እሷ ስትጋግር ልጇ አጠገቧ ይቀመጣል። «ዛሬ የተማርከውን እኔ በሚገባኝ ንገረኝ» ትለዋለች። እሱ ስለ ሴል ይነግራታል፣ ስለ ኤሌክትሪክ ይነግራታል። ትክክል ይሁን ስህተት እሷ አታውቅም። ሲንተባተብ ግን ታውቃለች። «እዚህ ጋ ምነው ቆምክ?» ስትለው ደብተሩን ይገልጣል። የገባው ነገርና የሸመደደው ነገር የሚለየው እዚያች ምጣድ ዳር ነው። ብዙ ተከፍሎት የሚያስጠና ሰው እንኳ ይህንን ሁልጊዜ አያደርገውም።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወንዱ «እያጠና ነው» ሲባል እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ፈተናው ግን ለሁለቱም እኩል ነው። የቤቱን ሥራ አካፍሏቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምን ይማር የሚለው ነው። ገና የዘርፍ ምርጫ ላይ «ተፈጥሮ ሳይንስ ካልሆነ» ብሎ ልጅን ማስገደድ በዝቷል። ታሪክና ጂኦግራፊ የሚወድ ልጅ ለወላጅ ክብር ሲል ኬሚስትሪ ላይ ሁለት ዓመት ይሰቃያል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ የሚወስደው የጋራ ትምህርት ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከዚያ በኋላ፣ እዚያ በሚያመጣው ውጤትም ጭምር ነው። ስለዚህ በ11ኛ ክፍል «ዶክተር ነው የምትሆነው» ብሎ መደምደም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጁ ብዙ ሙያ እንዲያይ ነው።

ለዚህ ደግሞ ዘነበወርቅ የታደለ ሰፈር ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራው፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። ዛሬ አለርት የምንለው እሱን ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ ሥጋ ደዌና ሳንባ ነቀርሳ ላይ ምርምር ሲያደርግ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጆቻችን በአጥሩ ሥር ሲመላለሱ አድገው ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሐኪም ብቻ አይደለም ያለው። የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ፣ ፋርማሲስት አለ፣ ፊዚዮቴራፒስት አለ፣ መረጃ የሚተነትን አለ፣ ሒሳብ ያዥ አለ። በዕድርም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የምታውቁት፣ እዚያ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። «ልጄን ግማሽ ሰዓት አነጋግርልኝ፤ ምን ተምረህ እዚህ ደረስክ?» በሉት። እምቢ የሚል ጎረቤት አላጋጠመኝም።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያው በርም አንድ አይደለም። ብዙው ተማሪ ምርጫውን ሞልቶ በትምህርት ሚኒስቴር ይመደባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። ይህን በ12ኛ ክፍል መጨረሻ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል የሚሰሙ ቤተሰቦች አሉ። የግል ኮሌጅ የምታስቡ ከሆነ ስሙንና ሕንፃውን አትዩ፤ ያ የትምህርት ዓይነት፣ በዚያ ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጠንካራ የግል ኮሌጆች አሉ፤ ሳይጠይቁ መክፈል ግን አራት ዓመት ያስከፍላል።

ስለ ገንዘብና ስለ ርቀትም ከአሁኑ አውሩ። ልጁ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ቢደርሰው ትራንስፖርቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የኪስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ዕዳውን የሚከፍለው ሥራ ከያዘ በኋላ ነው፤ የየዕለቱ ወጪ ግን ከቤት ነው የሚወጣው። ዘንድሮ በትንሹ እቁብ የጀመረ ቤተሰብ ያን ጊዜ አይደነግጥም። ስለ መንገዱ ሰላም ያላችሁን ስጋትም አትደብቁ፤ ምርጫ የሚሞላው ልጁ ስለሆነ የናንተን ሐሳብ አስቀድሞ ይስማ።

በመጨረሻ ስለ መውደቅ። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ሆነ። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ የወደቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑበት አገር ነው። ወደ ማለፊያው ለተጠጉት የሬሜዲያል ትምህርት አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ፣ እዚሁ ከተማችን ጄኔራል ዊንጌትን ጨምሮ። ልጃችሁ እነዚህን መንገዶች ከእናንተ አፍ፣ ከፈተናው በፊት ይስማቸው። ውጤት በወጣበት ቀን የሚነገር «አይዞህ» ማጽናኛ ነው። ዘንድሮ ሲነገር ግን ልጁ ሳይፈራ እንዲያጠና ያደርገዋል።

ለዕድሮቻችንና ለወላጅ መምህር ኅብረቶቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ዘንድሮ ክረምት የሰፈራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲመጡ፣ የዕድሩን አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ክፈቱላቸው። ከ11ኛ ወደ 12ኛ ያለፉ ልጆችና ወላጆቻቸው አብረው ይምጡ። ምዝገባው፣ ምርጫው፣ የመኝታ ክፍሉ ኑሮ፣ የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚመስል ያለፉበት ይናገሩ፤ ወላጅ ይጠይቅ። የሂሳቡን ጥያቄ እኔ እይዛለሁ። አዳራሽ ያላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ።