አደባባይና መብራት

ከካባላጋላ ተነሥቶ በንሳምቢያ በኩል ወደ መሃል ካምፓላ መኪና የሚነዳ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈትነው የአንገቱ ልማድ ነው። በአገሩ መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ አደባባይ ላይም ቅድሚያ የሚሰጠው ከግራው ለሚመጣው ነው። በዩጋንዳ ጉዞው በግራ፣ ዙሪቱም እንደ ሰዓት ዘንግ በመሆኑ ዐይን ወደ ቀኝ መዞር አለበት። አቅጣጫው ቢገለበጥም ሕጉ አንድ ነው፦ ገቢው ይጠብቃል፤ ውስጥ ያለው ያልፋል።

ይህ ሕግ ቀላል ይምሰል እንጂ በብሪታንያ የጸናው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ገቢው እየተጋፋ ስለሚገባ አደባባዩ ራሱን በራሱ ይቆልፍ ነበር። ሕጉ ሲከበር ጥቅሙ ብዙ ነው። አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ ላይ መኪኖች ሊጋጩ የሚችሉባቸው ነጥቦች 32 ሲሆኑ፣ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው። ፍጥነትም ይቀንሳል። በአሜሪካ ወደ አደባባይነት በተለወጡ 24 መስቀለኛዎች ላይ ተደርጎ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የአካል ጉዳት የሚያደርሱ አደጋዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ኪቡዬን በሥራ መግቢያ ሰዓት ያየ ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ አይረታም። ከኢንቴቤ፣ ከማሳካና ከማኪንዲዬ የሚመጣው ተሽከርካሪ አንዱ መውጫ ሲዘጋበት ክቡን ይሞላዋል፤ ታክሲው አፍንጫውን ያስገባል፤ ቦዳቦዳው የቀረችውን ክፍተት ይደፍናታል። ያን ጊዜ ማንም አይገባም፤ ማንም አይወጣም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ እግረኛው ነው፤ አደባባይ «አሁን ተሻገር» የሚለው ቅጽበት የለውምና።

መብራት ይህን ቅጽበት ይሰጣል። ዋንዴጌያ ላይ የማኬሬሬ ተማሪና ወደ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ ጠያቂ የሚሻገሩት በቀዩ ምሕረት ነው። ፌርዌይ ላይ የነበረው አደባባይ ፈርሶ በመብራት መተካቱም፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራው በተጀመረው ፕሮጀክት በሰዓት ማማው አጠገብ ተሻጋሪ ድልድይ መሠራቱም፣ ክቡ ብቻውን የከተማዋን ጭነት እንዳልቻለ ይመሰክራሉ።

መብራትም ቢሆን ነውር አለበት። ኃይል ሲቋረጥ ተራ ምሰሶ ይሆናል፤ ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ሰውን ያቆማል። ነጭ ለባሹ የትራፊክ ፖሊስ መሃል ገብቶ አረንጓዴውን ሲያስቆም፣ ቀዩንም ሲያሳልፍ፣ ሾፌሩ ምልክቱን ትቶ የሰውየውን እጅ ማየት ይለምዳል። ፖሊሱ የሌለ ቀን እንግዲህ ማንን ያይ?

መጠነኛ ተሽከርካሪ ባለበት ሰፈር አደባባይ ይበልጣል፤ መንገዱ በተጨናነቀበትና እግረኛ በበዛበት ስፍራ መብራት ይመረጣል። አደባባይ በሚቀርበት ሰፈርም ቢሆን የእግረኛ ማቋረጫው ከክቡ ጥቂት ራቅ ብሎ በግልጽ ሊቀለም፣ ሾፌሩም ሊቆምለት ይገባል።

በአማርኛ አደባባይ የክብ መንገድ ስም ብቻ አይደለም፤ ዳኝነት የሚሰማበት፣ ሰው በሰው ፊት የሚታይበት ስፍራም ነው። ኪቡዬ ላይ ለአንዲት ልጅ ላዘለች እናት ፍሬን የያዘ ሾፌርም የቆመው በዚያው አደባባይ ነው፤ ያስቆመው ግን መብራትም ፖሊስም አይደለም።