የማን እጅ ነው የለካነው?

ንባባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት እስቲ አንድ ነገር አድርጉ። ሁለት እጆቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ጣቶቻችሁን አታስተካክሏቸው፤ እንደ ወደቁ ይሁኑ። አሁን ተመልከቷቸው። ጫፎቻቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አልተሰለፉም። መሃል ጣት ወደ ፊት ወጥቷል፣ ትንሹ ጣት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አንድ ላይ ሲታዩ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የጨዋታ ሳጥን ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ቁልፍ የሚደረደረው በማስመሪያ ሳይሆን በጣት ነው። እኔ ይህን ትምህርት ቶሎ ተማርኩ። ሁለተኛውን ትምህርት ግን አንድ ልጅ እስኪያስተምረኝ ድረስ አላወቅሁትም ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ እርሱን ነው።

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በቡና ጫካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ጫካዋን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ለወጣት ግን ከትምህርትና ከቡና ለቀማ ውጭ የሚውልበት ቦታ ብዙ አይደለም። ጆተኒ አለ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ልጆቻችን ከሰንበት ትምህርት በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ አውቅ ስለነበር፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ባለችው ትንሽ ክፍል የራሳችንን የጨዋታ ሳጥን እንሥራ ብዬ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ከአባቶች አንዱ፣ “ይህ ነገር ልጆቹን ያቀርባል ወይስ ያርቃል?” አሉኝ። “ያቀርባል” አልኳቸው፣ ሳላመነታ። ድብድብና ተኩስ እንዳይኖርበት፣ ጨዋታዎቹም ሠሪዎቻቸው በነፃ የለቀቋቸው ብቻ እንዲሆኑ ተስማምተን ተፈቀደልኝ። የእኚህን አባት ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሳጥኑን ላላያችሁት ልግለጽላችሁ። ቁመቱ የሰው ያህል ነው። ከላይ ስክሪን፣ ከሥሩ ኮምፒውተር፣ በመካከል ደግሞ ወደ ተጫዋቹ ትንሽ ያዘነበለ ሰሌዳ አለው። ሰሌዳው ላይ ጆይስቲክና ቁልፎች ይተከላሉ። ጆይስቲኩ በፕሌይስቴሽን ቤት በሁለት እጅ የምንይዘው ዓይነት አይደለም፤ ራሱ እንደ ኳስ የሆነ ዘንግ ነው። ከሰሌዳው ሥር፣ በዘንጉ ዙሪያ አራት ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ። ዘንጉን ወደ ቀኝ ስትገፉት አንዱን ይጫናል፣ ወደ ላይ ስትገፉት ሌላውን። በሰያፍ ስትገፉት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጫናል፤ ስለዚህ በአራት ማብሪያ ስምንት አቅጣጫ ይገኛል። ቁልፉም ያው ማብሪያ ነው። ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ይሄዳሉ፤ እርሷም ለኮምፒውተሩ “ይህ ተጫነ” ብላ ትነግረዋለች።

ኮምፒውተሩ ከቢሮ አገልግሎት የወጣ አሮጌ ነበር። ኮምፔርሳቶውን ከመቱ አመጣሁ። ሁለት ጆይስቲክ፣ አሥራ ሁለት ቁልፍና የሽቦ መሰብሰቢያዋን ሰሌዳ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ወንድም ገዝቶ ላከልኝ። ለሁለት ተጫዋች ነውና ለእያንዳንዱ አንድ ጆይስቲክና ስድስት ቁልፍ አልኩ። ጆይስቲኩ በግራ፣ ስድስቱ ቁልፎች በሁለት ረድፍ በቀኝ። ለምን ስድስት? በፎቶ ያየኋቸው ሁሉ እንዲህ ስለነበሩ ነው።

ነገሩን በኋላ ሳጠና ግን ሕግ እንዳልሆነ አወቅሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው አስትሮይድስ አምስት ቁልፍ ብቻ እንጂ ጆይስቲክ የለውም። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓክማን ደግሞ ከመካከል አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነው፤ የመጫወቻ ቁልፍ የለውም፤ በፈለጋችሁት እጅ ትይዙታላችሁ። ስድስቱ ቁልፍ የመጣው ከድብድብ ጨዋታ ነው። ስትሪት ፋይተር በ1987 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በኃይል ሲመቱት ኃይለኛ ቡጢ በሚሰነዝሩ ሁለት ትልልቅ መምቻዎች የሚሠራ ሳጥን ነበረው፤ ያም በስድስት ቁልፍ ተተካ፤ ሦስቱ ለቡጢ፣ ሦስቱ ለእርግጫ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ስትሪት ፋይተር ዓለምን ሲያዳርስ ያ አደራደር እንደ ልማድ ሆነ። አያችሁ? በክፍላችን ድብድብ እንዳይኖር ተስማምቼ፣ ለቡጢና ለእርግጫ የተሠራውን ሰሌዳ ለምን ሳልል ገለበጥኩ።

ቢሆንም በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። ካርቶን ላይ ሁለት እጆቼን አሳርፌ በእርሳስ ዞርኳቸው። ጣቶቼ በወደቁበት ቦታ ምልክት አደረግሁ። ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ሌላው መሃል 3.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ የቁልፉ ቀዳዳ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ቢጠጋ ይነካካል። የእጅ አንጓ ጠርዙ ላይ እንዳይታጠፍ ከጠርዙ እስከ ቁልፎቹ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ተውኩ። ካርቶኑን በስቼ በባዶ እጄ ተለማመድሁበት። ከዚያ አናጢ ቤት ሄደን ኮምፔርሳቶውን በሳን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፣ ቫርኒሽ ቀባነው። ሲያልቅ እጄን ሳሳርፍበት እንደ ጓንት ሆነልኝ። ጌታን አመሰገንኩ።

የተመረቀው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነበር። ክፍሏ ሞላች። ልጆቹ በሁለት በሁለት እየገቡ ይጫወቱ ጀመር። ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ቆሟል። ይህ ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት ማንም የማይረታው እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ተጫዋች ሲሳሳት እርሱ ቀድሞ ፊቱን ያኮሳትራል። ተራው ሲደርስ በታላቅ ድምፅ፣ “ና እንጂ! ተራህ ነው!” አልኩት።

“ይቅር ጋሼ፤ ማየቱ ይበቃኛል።”

“አትፈር! ና ወደ መሃል!”

ልጆቹም “ግባ፣ ግባ” እያሉ አጨበጨቡ። መጣ። ግራ እጁን ጆይስቲኩ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣ።

ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ባለፈው የቡና ወቅት የቡና መፈልፈያ ቀኝ እጁን እንደያዘው፣ ጠቋሚና መሃል ጣቱን እንዳጣ አውቅ ነበር። ሆስፒታል ሄጄ ጸልዬለታለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እጁ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ስለነበረ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረስቼው ነበር። እርሱ ይደብቀዋል፣ እኔ እረሳዋለሁ፤ ሁለታችንም በዚህ ተመችቶን ኖረናል። ቁልፎቹን በአውራ ጣቱና በትንሹ ጣቱ ለመድረስ ሞከረ። አልሆነም። ጭብጨባው ቆመ። “እሺ ጋሼ” ብሎኝ ወጣ። በቀጣዩ እሑድ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም።

በዚያ ሳምንት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ያለውን እጁ የሰለለችውን ሰው ታሪክ አነበብሁ። ማቴዎስና ማርቆስም ይህን ታሪክ ይነግሩናል፤ ቀኝ እጁ እንደ ነበረች የሚነግረን ግን ሉቃስ ነው። ጌታ ያን ሰው ተነሥቶ በመካከል እንዲቆም አዘዘው። እኔም ልጁን ወደ መካከል ጠርቼዋለሁ። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ጌታ የጠራው እጁን አይቶ፣ ሊያደርግለት ያለውን አውቆ ነው። እኔ የጠራሁት እጁን ሳላይ ነው። ሰውን ወደ መካከል መጥራት ብቻውን ፍቅር አይደለም፤ ያዘጋጀንለት ከሌለ ማጋለጥ ነው። የእኚያ አባት ጥያቄ ያን ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ። ያቀርባል ወይስ ያርቃል? ሳጥኑ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን አንድ አርቋል።

ቤቱ ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉ፤ እርሱ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ እጁ አይደለም፤ ሳልጠይቀው ስለሠራሁት ነው ይቅርታ የጠየቅሁት። ከዚያ ያን የተበሳ ካርቶን አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁና፣ “አንተ ብትሠራው እንዴት ታደርገው ነበር?” አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ካርቶኑን አነሣና እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለበጠው። ሌላ ምንም አላደረገም። ቀዳዳዎቹ ግን ጎናቸውን ለወጡ፤ ጆይስቲኩ በቀኝ፣ ቁልፎቹ በግራ ሆኑ። በቀረው የቀኝ እጁ ጣቶች የዘንጉን ኳስ እንደሚጨብጥ አሳየኝ፤ አምስቱን የግራ ጣቶቹን ደግሞ ቀዳዳዎቹ ላይ አሳረፈ።

“እንዲህ ቢሆን እችላለሁ። ግን ጋሼ፣ ሌሎቹ አይችሉም።”

ይህን ቃል አስቡት። እኔ ሰሌዳውን ስሠራ እርሱ አልታሰበኝም፤ እርሱ ግን በመጀመሪያው ንድፉ ሌሎቹን አሰበ።

መፍትሔውን ያገኘነው አብረን ነው። ጆይስቲኩን ከመካከል አቆምነው፤ በቀኙ ሦስት ቁልፍ፣ በግራው ሦስት ቁልፍ። የግራዎቹ የቀኞቹ መስታወት ናቸው። በቀኝ ጠቋሚ ጣት የሚጫነውና በግራ ጠቋሚ ጣት የሚጫነው ቁልፍ ሽቦ አንድ ላይ ተያይዟል፤ አንዱም ቢጫን ሌላው፣ ለኮምፒውተሩ ያው ነው። አንድም አዲስ ቁልፍ አልገዛንም። ያው አሥራ ሁለቱ በቁ። ቀኝ እጅ የሚቀናው በቀኝ፣ ግራኝ የሆነ በግራ ይጫወታል። ከዚያ በፊት አንዲት እኅታችን ግራኝ መሆኗን፣ እጆቿን እያቆላለፈች ትጫወት እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ እርሷም ተናግራ አታውቅም ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለን ኢንጂነር አያና ብሩ ትዝ አሉኝ፤ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣ ሰው ናቸው። የጽሕፈት መኪና ለላቲን ፊደል የተሠራ፣ ቁልፉ ጥቂት ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነእርባታው ከሁለት መቶ በላይ ነው። ፊደላችሁ ለዚህ መኪና አይመችምና ተዉት ማለት ቀላል ነበር። እርሳቸው ግን ችግሩን መኪናው ላይ እንጂ ፊደሉ ላይ አላዩም። በእኛም ዘመን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት አካል ጉዳተኞች ለየራሳቸው የሚመቻቸውን ቁልፍ እየሰኩ የሚጫወቱበት መሣሪያ አውጥቷል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሰውን ለሰሌዳው ከማጠፍ፣ ሰሌዳውን ለሰው መብሳት።

ዋጋ አልነበረውም አልላችሁም። ስድስት ቁልፍ የሚፈልጉ ጨዋታዎች ሁሉ ቀርተውብናል፤ አንዳንድ ልጆች አጉረምርመዋል። እኔም ያን ለእጄ እንደ ጓንት የሆነ፣ በቫርኒሽ ያበራ ሰሌዳ ብሎኑን ፈትቼ ሳወርደው ቅር ብሎኛል። አሁን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ልጁ ተመልሷል። አዲሱን ሰሌዳ የበሳው እርሱ ነው፤ መሰርሰሪያውን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ደግፎ። በዝማሬ ጊዜ አሁንም ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ያደርጋል። አልናገረውም። የጨዋታው ክፍል ውስጥ ግን ያወጣዋል፤ ለጊዜው ይህ ይበቃኛል።

የተወደዳችሁ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የጨዋታ ሳጥን አትሠሩ ይሆናል። ግን የመዘምራን ልምምድ ሰዓት ታወጣላችሁ፤ የጉባኤ መዋጮ ትወስናላችሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን ትላላችሁ። ይህ ሁሉ ሰሌዳ መብሳት ነው። ስትጨርሱ ለራሳችሁ እጅ እንደ ጓንት ከሆነላችሁ፣ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ እንዳለ ተመልከቱ። ካያችሁትም በጭብጨባ አትጥሩት። ካርቶናችሁን ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ።

እኛ ገና አልጨረስንም። ባለፈው እሑድ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ ለመድረስ በእግሯ ጣቶች ቆማ አገኘኋት። አሁን መቆሚያ ሳጥን እየሠራን ነው። ቁመቱን የምትለካልን እርሷ ናት።